የኦሃዮ ስቴት ፉትቦል ለሐበሻ ቤተሰብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከተማ ኮሎምበስ ከገባሁ ጀምሮ ቡና ላይ፣ ልቅሶ ቤትና ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስጠየቅ የኖርኩትን ሰብስቤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ አስቀምጫለሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኳሱ በእጅ እየተያዘ ለምን «ፉትቦል» ይባላል?

ሲጀመር በእግር ስለነበር ነው። ኖቬምበር 6 ቀን 1869 ሩትገርስና ፕሪንስተን የሚባሉ ሁለት ኮሌጆች ኒው ጀርሲ ውስጥ 25 ለ25 ሆነው ገጠሙ። ኳሱን ይዞ መሮጥ አይፈቀድም ነበር፤ በእግር መምታትና በእጅ መግፋት ብቻ። ሩትገርስ 6 ለ4 አሸነፈ። ኳስ አቅፎ መሮጥ ቆይቶ ከራግቢ የመጣ ነው፤ ስሙን ግን ማንም አልቀየረውም።

ፕሮፌሽናሉ ሊግ ኤንኤፍኤል የተመሠረተው በ1920 ነው። ብዙ የአገራችን ሰው የኮሌጁን ጨዋታ የትልቁ ሊግ መለማመጃ አድርጎ ያየዋል፤ በዕድሜ ታላቁ ግን የኮሌጁ ነው፣ ያውም በ50 ዓመት።

ምንም ሳይገባኝ ሦስት ሰዓት ተኩል ከምቀመጥ ሕጉን ባጭሩ ብትነግሩኝ?

በየወገኑ 11 ሰው ይሰለፋል፤ ሜዳው 100 ያርድ ነው። ኳስ የያዘው ቡድን 10 ያርድ ወደፊት ለመሄድ አራት ሙከራ ይሰጠዋል። ከሞላ ሌላ አራት ሙከራ ይጨመርለታል፤ ካልሞላ ኳሱን ያስረክባል። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ አራተኛው ሙከራ ላይ ሲደርሱ ኳሱን በእግር አርቀው የሚመቱት፤ ማስረከባቸው ካልቀረ ከሩቅ ይሁን ብለው ነው። መጨረሻው መስመር ከገቡ ታችዳውን ይባላል፣ 6 ነጥብ ነው። ከዚያ በእግር መትተው 1፣ ወይም እንደገና ይዘው ገብተው 2 ይጨምራሉ። መግባት ካቃታቸው በሁለቱ ቋሚዎች መካከል በእግር አሳልፈው 3 ነጥብ ይወስዳሉ።

አባቴ ሊጠይቁን በመጡ ጊዜ ይህን ሁሉ ለማስረዳት ሞክሬ ሲያቅተኝ «ድንበር መግፋት ነው» አልኳቸው። አንዱ ወገን በአራት ሙከራ አሥር አሥር ያርድ እየገፋ ወደ ሌላው ጓሮ ይጠጋል፤ ባለ ማሳው ደግሞ አላስነካም ይላል። «እንዲህ አትለኝም ኖሯል!» ብለው ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጉ። እናንተም መጀመሪያ ላይ ኳሷን አትከተሏት፤ ትሸውዳችኋለች። ጥግ ላይ የተጻፈችውን ቁጥር ተከተሉ። «ሰርድ ኤንድ ሰቨን» ካለ ሦስተኛው ሙከራ ነው፣ 7 ያርድ ይቀራል ማለት ነው። ያኔ ሰው ሁሉ ለምን እንደሚጮህ ይገባችኋል።

ከኤንኤፍኤል በምን ይለያል? ለምንስ ቅዳሜ ይሆናል?

በሕግ በኩል ልዩነቱ ትንሽ ነው። በኮሌጅ ኳስ የቀለበ ሰው አንድ እግሩ መስመር ውስጥ ካረፈ ይበቃል፤ ኤንኤፍኤል ሁለቱንም ይጠይቃል። የኮሌጅ ተጫዋች ማንም ሳይነካው ጉልበቱ መሬት ከነካ ጨዋታው ይቆማል። እኩል ከወጡ ደግሞ እያንዳንዱ ቡድን ከተጋጣሚው 25 ያርድ ላይ ተነሥቶ ዕድሉን ይሞክራል፤ እኔ እንደማየው ከፍጹም ቅጣት ምት ያልተናነሰ ልብ የሚያስመታ ነው።

ልማዱ ቀድሞም የነበረ ቢሆንም፣ ቀኑን ያጸናው በ1961 የወጣ የፌዴራል ሕግ ነው። ኤንኤፍኤል የቴሌቪዥን መብቱን በጅምላ እንዲሸጥ ሲፈቀድለት፣ በመጸው ወራት ዓርብ ማታና ቅዳሜ የተማሪዎቹን ጨዋታ እንዳይሻማ ገደብ ተጣለበት። ስለዚህ ዓርብ ማታ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ቅዳሜ ኮሌጆች፣ እሑድ ኤንኤፍኤል ሆኖ ቀረ። ወቅቱ የሚገባው እንቁጣጣሽ ሊደርስ ሲል ነው፤ 12 መደበኛ ጨዋታ አለው። 12 ቅዳሜ ብቻ ስለሆነ አንድ ሽንፈት ዓመቱን ሊያበላሽ ይችላል።

የዩኒቨርሲቲውን በር ያልረገጠ ሰው ለምን እንዲህ ያብዳል?

ከሁሉ ይበልጥ የምጠየቀው ይህ ነው፣ እኔም ከሁሉ ይበልጥ የምወደው ጥያቄ ነው። ኮሎምበስ የኤንኤፍኤል ቡድን የላትም፤ የኦሃዮ ሁለቱ ቡድኖች ክሊቭላንድና ሲንሲናቲ ናቸው። የከተማዋ ሰው ፍቅሩን የሰጠው በ1870 ለተመሠረተው ዩኒቨርሲቲዋ ነው። በ1922 የተከፈተው የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ስታዲየም የቆመው ከሕዝብ በተሰበሰበ መዋጮ ነው። ዛሬ 102,780 ሰው ይይዛል። አያቱ ከኪሱ አውጥቶ ያዋጣበት ቤት ውስጥ የልጅ ልጁ ሲጮህ እንደ እንግዳ ልናየው አንችልም።

ጎረቤቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ መጋዘን ሠርተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን በረዶ ከበራቸው ላይ ስጠርግላቸው ጠሩኝና የብስኩት ቆርቆሮ ከፍተው አሳዩኝ። ውስጡ ጠርዙ የተበላ የትኬት ቁራጭ ሞልቶታል፤ ከታች ያሉት የአባታቸው፣ ከላይ ያሉት የራሳቸው። አንዱን አንሥተው «በዚህ ቀን አባቴ ትከሻው ላይ ተሸክሞኝ ነበር» አሉኝ። ውጤቱን አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ወይም ሚስማር ተራ ቆሞ ያደገ ሰው ይህ አይጠፋውም። ጊዮርጊስ ወይም ቡና የሆነው ዋንጫ ቆጥሮ አይደለም፤ አባቱ ነበረ፣ ሰፈሩ ነበረ፣ ወይም የመጀመሪያ ቀን እጁን ይዞ ያስገባው ሰው ነበረ። እዚህም ያው ነው። ስታዲየሙ ውስጥ በደቡብ በኩል ያለው «ብሎክ ኦ» የሚባለው የተማሪዎች መቀመጫ የእነሱ ካታንጋ ነው፤ ከ1938 ጀምሮ ቆመው ይጮኹበታል።

መንገድ ላይ አንድ ሰው «ኦ-ኤች!» ብሎ ቢጮህብኝ ምን ልመልስ?

«አይ-ኦ!» በሉ። የኦሃዮ አራት ፊደላት ለሁለት ተከፍለው ነው፤ አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ይቀበላል። እንደኛ አገር አዝማችና ተቀባይ ማለት ነው። አራት ሰው ከሆናችሁ እጃችሁን ከራሳችሁ በላይ አድርጋችሁ ፊደላቱን በአካላችሁ ሠርታችሁ ፎቶ ትነሣላችሁ፤ ላሊበላም አክሱምም እንዲህ ቆመው የተነሡ አይቻለሁ።

ይህ ሰላምታ ሥራ ይሠራል። አንድ ጊዜ ወደ አዲስ ለመብረር ዋሺንግተን ደላስ ኤርፖርት ተሰልፌ ሻንጣዬ ሁለት ኪሎ በዝቶብኝ እጨነቅ ነበር። ከኋላዬ የቆመ የማላውቀው ሐበሻ ኮፍያዬን አየና «ኦ-ኤች!» አለኝ። መለስኩለት። ልጁ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የምሕንድስና ተማሪ ነው ለካ። ወሬ ጀመርን፤ ሚዛኑ ጋ ስንደርስ የእኅቴን ልጆች ጫማ አውጥቶ በራሱ ሻንጣ ውስጥ ከተተልኝ። ቦሌ ላይ አስረክቦኝ ተሳስመን ተለያየን።

ጨዋታው ሳይጀመር ሰው ለምን ለባንዱ ያለቅሳል?

ምክንያቱም የሚያስለቅስ ነው። የማርሽ ባንዱ ናስና ከበሮ ብቻ ነው፤ ክላርኔትም ዋሽንትም የለበትም። ከኦክቶበር 10 ቀን 1936 ጀምሮ የሚያደርጉት አንድ ነገር አላቸው፦ ሁሉም በአንድ ረድፍ ሆነው እየተጠማዘዙ ሣሩ ላይ «ኦሃዮ» የሚለውን ቃል በላቲን የእጅ ጽሕፈት ይጽፉታል። ቃሉ ሲያልቅ «አይ» የምትባለው ፊደል አናቷ ላይ ነጥብ ይጎድላታል። ያኔ ሱሳፎን የሚባለውን፣ ገላ ላይ የሚጠመጠመውን ትልቅ ጥሩምባ የተሸከመ አንድ ተማሪ ከሰልፉ ወጥቶ እግሩን እያነሣ እየተንጎራደደ ሄዶ ቦታው ላይ ይቆማል። ኮፍያውን አውልቆ ለአንዱ ወገን እጅ ይነሣል፤ ዞሮ ለሌላው ይነሣል። ነጥቡ እሱ ራሱ ነው።

ይህ ዕድል የሚደርሰው አራተኛ ወይም አምስተኛ ዓመቱን ለያዘ የሱሳፎን ተጫዋች ነው። ከባንዱ ውጪ ይህን ክብር ያገኙ ሰዎች በጣት ይቆጠራሉ፤ ጠፈርተኛውና የኦሃዮ ሴናተር የነበሩት ጆን ግሌን በ2009 አግኝተዋል። መሬትን በመንኮራኩር የዞሩ ሰው ሣር ላይ ነጥብ ሆነው በመቆማቸው ደስ ሲላቸው ማየት ለእኔ ብዙ ነገር ይነግረኛል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን አጠገቤ የቆመች ነርስ፣ ከሌሊት ፈረቃ የመጣች፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ ተማሪው ጎንበስ ሲል ክንዴን ጨብጣ ይዛ አልለቅም አለች። አትተዋወቁም ትሉኛላችሁ፤ አንተዋወቅም።

የናስ ባንድ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 አርመናውያን ወጣቶች፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ አዲስ አበባ ላይ ጥሩምባ የነፉት ይህ «ኦሃዮ» ሣሩ ላይ ከመጻፉ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድመው ነው። ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ከመጣችሁ ኳሱ ባይገባቸው እንኳ ለባንዱ ሲሉ ይመለሳሉ፤ አምሽታችሁ አትግቡ፣ ከመጀመሪያው ተቀመጡ።

የድሮ ማልያና የድሮ ወሬ ለምን እንዲህ ይወደዳል?

45 ቁጥር የለበሰ ሰው ታያላችሁ፤ ልጁ ያልተወለደበት ዘመን ቁጥር ነው። የአርቺ ግሪፊን ነው። እዚሁ ኮሎምበስ ተወልዶ ያደገ፣ በቁመቱ አጭር፣ የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሸለመውን የሃይስማን ዋንጫ በ1974 እና በ1975 በተከታታይ የወሰደ። ከሱ በፊትም ከሱ በኋላም ሁለት ጊዜ የወሰደ ሰው የለም። ራስ ቁራቸው ላይ የሚለጠፉት ትናንሽ ቅጠሎችም ከ1968 ጀምሮ ያሉ ናቸው፤ ጥሩ የሠራ ተጫዋች ቅጠል ይጨመርለታል። ወቅቱ ሊያልቅ ሲል ራስ ቁሩ የሞላለትን ማየት የተማረከ ጋሻ የመቁጠር ያህል ነው።

ወሬውም እንዲሁ ይወረሳል። ኖቬምበር 25 ቀን 1950 እዚህ ኮሎምበስ ላይ ከሚሺጋን ጋር ሲጫወቱ ከባድ የበረዶ ማዕበል ወረደ። መስመሩ ተሸፈነ፣ ኳሱ እንደ ሳሙና ሆነ። ሁለቱ ቡድኖች ተደምረው 45 ጊዜ ኳሱን በእግር መትተው ለባላጋራ ሰጡ፤ ይዞ መቆየቱ ከመስጠቱ ይልቅ ያስፈራ ነበር። ሚሺጋን አንድ ጊዜ እንኳ 10 ያርድ ሳይሞላ 9 ለ3 አሸንፎ ሄደ። ከ50 ሺህ የሚበልጥ ሰው ተቀምጦ አይቶታል። የተሸነፉት የኦሃዮ ስቴት ሰዎች ናቸው፤ ዛሬም እየደጋገሙ የሚያወሩት ግን እነሱ ናቸው። ማሸነፍ ብቻ የሚወድ ሰው የ1950ውን በረዶ አያወራም።

ለታናናሾቹም የራሳቸው ድሮ አላቸው። የኮሌጅ ፉትቦል የቪዲዮ ጌም ከ2013 በኋላ ቆመና በ2024 ተመለሰ። የተለቀቀ ሳምንት ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው የሥራ ባልደረቦቼ እረፍት ወጥተው ነበር።

ከሚሺጋን ጋር ጠባቸው ምንድን ነው?

ድንበር ነው፣ ቃል በቃል። በ1835 ኦሃዮና ሚሺጋን ቶሌዶ የምትባለዋን ከተማና አካባቢዋን የኔ ነው የኔ ነው ብለው ሚሊሻ አሰልፈው ተፋጠጡ። በመጨረሻ ቶሌዶ ለኦሃዮ፣ ሰሜኑ ባሕረ ገብ ምድር ለሚሺጋን ሆነ። ቡድኖቹ መጀመሪያ የተጋጠሙት በ1897 ነው። ከ1969 እስከ 1978 ዉዲ ሄይስና ቦ ሼምቤክለር የሚባሉ ሁለት አሠልጣኞች የተፋጩበት ጊዜ «የአሥሩ ዓመት ጦርነት» ተብሎ ቀርቷል። ዉዲ የሚሺጋንን ስም በአፉ አይጠራም ነበር፤ «ያ የሰሜኑ ቡድን» ይል ነበር። ዛሬም የከተማው ሰው እንዲሁ ይላል።

በዚያ ሳምንት ዩኒቨርሲቲው ግቢ ከገባችሁ «ኤም» የምትባለው የላቲን ፊደል ሁሉ በቀይ ፕላስተር ተሰርዛ ታገኟታላችሁ፤ የሕንፃ ስም ላይ፣ ማስታወቂያ ላይ፣ በር ላይ። ሰማያዊና ቢጫ አብረው አይለበሱም፣ የእነሱ ቀለም ነው። ከ1934 ጀምሮ ደግሞ ሚሺጋንን ያሸነፈ ተጫዋች ትንሽ የወርቅ ሱሪ ይሸለማል፤ የአንገት ሐብል ላይ የሚንጠለጠል። አሠልጣኙ ፍራንሲስ ሽሚት «እነሱም እንደኛ ሱሪያቸውን በአንድ በአንድ እግር ነው የሚያጠልቁት» በማለታቸው የመጣ ነው።

ክብደቱን ለመረዳት 2024ን እዩ። ኦሃዮ ስቴት እዚሁ ሜዳው ላይ በሚሺጋን 13 ለ10 ተሸነፈ። ከተማው ልቅሶ ቤት መሰለ። ከዚያ ቡድኑ በአዲሱ የ12 ቡድኖች ውድድር ገብቶ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 አትላንታ ላይ ኖትር ዳምን 34 ለ23 አሸንፎ የአገር ሻምፒዮን ሆነ። ዋንጫው ይዞ ከመጣ በኋላም ጎረቤቴ ሽማግሌው መጀመሪያ ያነሡት የኅዳሩን ሽንፈት ነበር።

ቴይልጌት ምንድን ነው? ምን ይዤ ልሂድ?

ከጨዋታው በፊት መኪና ማቆሚያ ላይ የሚደረግ ድግስ ነው። ስሙ የመጣው ከፒክአፕ መኪና የኋላ በር ነው፤ ይከፈትና ጠረጴዛ ይሆናል። ሰው ከማለዳ ጀምሮ ጥብሱን እየጠበሰ፣ ለአላፊ አግዳሚው እየሰጠ ይውላል። ባዶ እጅ መሄድ እንደኛው ነውር ነው።

ቅዳሜ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጾም አያስቸግርም፤ ጽጌን ለሚጾም ግን ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ያስቡበት። የሚሺጋኑ ጨዋታ ከታንክስጊቪንግ ቀጥሎ ያለው ቅዳሜ ላይ ስለሚውል ጾመ ነቢያት ከገባ በኋላ ነው። ለዚያ ቀን የምስር ሳምቡሳ የሚያህል የለም፤ ቆመው ይበሉታል፣ አይንጠባጠብም፣ ቢቀዘቅዝም ይጣፍጣል። በሌላው ቅዳሜ ጥብሱን በእንጀራ ጠቅልላችሁ በፎይል አስሩት።

እኛ የምናደርገውን ልንገራችሁ። ባለቤቴ ጀበናና ትንሽ የከሰል ምድጃ ትይዛለች። ቡናው እዚያው ተቆልቶ ጭሱ በሰው አፍንጫ ሥር ሲዞርላቸው አምስት መኪና ርቀው የቆሙ ሰዎች ይመጣሉ። ባለፈው መጸው አንድ ፊቱን ግማሹን ቀይ ግማሹን ግራጫ የተቀባ ወጣት ቶና እስኪደርስ ሲኒውን በሁለት እጁ ይዞ ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ ጓደኞቹ ሲጠሩት «በረካ አልደረሰም» ብሎ መለሰላቸው። አጠራሩ ልክ ነበር። ወደ ስታዲየሙ ስትገቡ ቦርሳችሁ ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ መሆን አለበት፤ የእጅ ቦርሳ ይዛ እስከ መኪናዋ የተመለሰች ብዙ እናት አለች።

ጨዋታ ቀን ኡበር የሚነዳ ሰው ምን ያድርግ?

ከጨዋታው ሦስት አራት ሰዓት በፊት ከሆቴሎችና ከኤርፖርት ወደ ስታዲየም ጥሩ ሥራ አለ። ጨዋታው ሲያልቅ ግን ሌን አቬኑና ኦለንታንጂ ሪቨር ሮድ አካባቢ አትግቡ፤ ከገባችሁ አትወጡም። ተሳፋሪውን አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ እንዲራመድ አድርጋችሁ ራቅ ብላችሁ ጠብቁት። ተሸንፈው ከሆነ ሬዲዮውን ዝጉ።

ሠርጋችንን በኅዳር መጨረሻ ቅዳሜ ብናደርገውስ?

ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ጾሙ መልሶላችኋል። ካልሆናችሁም እባካችሁ ቀኑን ቀይሩት፤ ሚዜው ስልኩን ጠረጴዛ ሥር ይዞ ነው የሚውለው፣ ጨዋታው እዚህ ኮሎምበስ ከሆነ ደግሞ ከሩቅ ለሚመጣ ዘመድ ሆቴል አይገኝም።

ልጄ በስፖርት ነጻ ትምህርት ማግኘት ይችላል?

ይችላል፤ ግን በስፖርት ብቻ ተማምናችሁ ደብተሩን እንዳታስጥሉት። ከፍተኛው ደረጃ ላይ ለመጫወት በሁለተኛ ደረጃ 16 ዋና ዋና ኮርሶችን ጨርሶ ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ማምጣት ግዴታ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ስለዚህ አማካሪውን ካልጠየቃችሁ አሥራ ሁለተኛ ላይ ይመሻል። ሦስተኛው ዲቪዚዮን በስፖርት ስም ገንዘብ አይሰጥም፣ አይቪ ሊግ የሚባሉት እነ ሃርቫርድም አይሰጡም፤ በትምህርት ውጤትና በቤተሰብ ገቢ ግን ብዙ ሊረዱ ይችላሉ።

ፉትቦል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ያሬድ ንጉሤን እዩት፦ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ኬንታኪ ውስጥ ያደገ ልጅ ነው። ለኖትር ዳም እየሮጠ በ2019 የኮሌጆች የ1500 ሜትር ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ በዚሁ ርቀት ለአሜሪካ ነሐስ አገኘ። የአትሌቲክስ መም ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ በር ነው።

ተጫዋቾቹ ይከፈላቸዋል? ተማሪ አይደሉም እንዴ?

ተማሪ ናቸው፣ ዛሬ ይከፈላቸዋልም። ለብዙ አሥርት ዓመታት ክልክል ነበር። ስታዲየሙ ይሞላል፣ ቴሌቪዥኑ ይከፍላል፣ አሠልጣኙ ሚሊዮኖች ይወስዳል፤ ልጁ ግን ፊርማውን ሸጦ ቢገኝ ይቀጣ ነበር። የኦሃዮ ስቴት ልጆች ከላይ የነገርኳችሁን የወርቅ ሱሪ ሸጠው በ2010 ታግደዋል። ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ተጫዋች በስሙና በመልኩ ማስታወቂያ ሠርቶ እንዲያገኝ ተፈቀደ። በጁን 2025 ደግሞ አንድ የፌዴራል ዳኛ ባጸደቁት ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለስፖርተኞቻቸው ማካፈል ጀመሩ።

«ጣዕሙ ጠፋ» የሚሉ አሉ፤ ልጆች ለተሻለ ክፍያ ከቡድን ቡድን እየተዘዋወሩ ነውና የሚሉት ይገባኛል። እኔ ግን ጄሲ ኦውንስን አስባለሁ። ሜይ 25 ቀን 1935 ለኦሃዮ ስቴት ሲወዳደር በ45 ደቂቃ ውስጥ ሦስት የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፣ አንድ ተጋራ። በዓመቱ በርሊን ላይ አራት ወርቅ አመጣ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ግን ነጻ ትምህርት አልነበረውም፤ እየሠራ ይከፍል ነበር፣ ጥቁር በመሆኑም ግቢ ውስጥ ማደር አልተፈቀደለትም። የድሮውን ስንናፍቅ ይህንንም አብረን ማንሣት አለብን።

ልጄ ፉትቦል ልጫወት ይለኛል፤ ጭንቅላቱን አይጎዳውም?

ፍርሃታችሁ መሠረት አለው። በ2017 የታተመ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ጥናት ሲሞቱ ቤተሰቦቻቸው አንጎላቸውን ለምርምር የሰጡላቸውን 202 ተጫዋቾች መረመረ። በተደጋጋሚ ግጭት የሚመጣው የአንጎል በሽታ እስከ ኮሌጅ ብቻ ከተጫወቱት 53 ውስጥ በ48ቱ፣ ከኤንኤፍኤሎቹ 111 ውስጥ በ110ሩ ተገኘ። አንጎል የሚሰጡት ብዙውን ጊዜ ምልክት ያዩ ቤተሰቦች ስለሆኑ ይህ የሁሉም ተጫዋች ዕጣ ነው ማለት አይደለም። ግን ችላ የሚባል ቁጥር አይደለም።

እኔ ጨዋታውን እወዳለሁ፤ የራሴን ልጅ ግን መጋጨት ያለበትን እንዲጫወት አልፈቀድኩለትም። ወገብ ላይ የታሰረ ጨርቅ በመንጠቅ የሚጫወቱት ፍላግ ፉትቦል አለ፣ እሱን ይጫወታል። ትልቅ ሲሆን እንነጋገራለን። ከፈቀዳችሁ ግን ይህን አጥብቁ፦ ራሱን ከተመታ በኋላ ካቅለሸለሸው፣ ብርሃን ካስጠላው ወይም ነገር ከተደጋገመበት፣ ሐኪም ሳያየው ወደ ሜዳ አይመለስ። «ወንድ ልጅ ቻል ያደርጋል» የምንለው ነገር እዚህ አይሠራም።

ልጃችንን ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተቀበላት። ምን እናድርግ?

ላኳት። በአገሪቱ ካሉት ምርጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው፤ አን አርበር በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ብትሆን ነው። ቤታችሁ በኅዳር ለሁለት ይከፈላል፤ አንድ ቤት ጊዮርጊስና ቡና አብረው አድረው የለም እንዴ።

የእኅቴ ልጅ ሄዳለች። በመጀመሪያው ዓመት በጨዋታው ሳምንት እኅቴ ሽሮና በርበሬ፣ ድርቆሽም አሽጋ ስትልክላት አጠገቧ ነበርኩ። የሚጥሚጣውን ብልቃጥ አነሣች፣ በእጇ የጻፈችበትን ወረቀት አየች፣ ከመሳቢያ ቀይ ፕላስተር አውጥታ ሁለቱንም «ሚ» በመስቀል ሰርዛ ከካርቶኑ ውስጥ ከተተችው። ልጅቱ አሁን ሦስተኛ ዓመት ናት። ብልቃጡ ሁለት ጊዜ ባዶ ሆኖ ተመልሶ ተሞልቷል፤ ፕላስተሩ እስካሁን አልተነሣም።